የምሥራቁ ብሎክ ማውጫ ውስጥ አልገባም ያለበት ቀን

እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው የመንፈስ ወሬ ይዞልኝ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «በዓይንህ አይተሃል ወይስ ሰው ነገረህ?» ብዬ ነው፣ መልሱም ሁልጊዜ ሰው ነገረኝ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ከሌላ ሰው ነው የሰማው፣ እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ስንሄድ መጨረሻው ላይ ያየ ሰው አይገኝም። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ እኛ ሰፈር ሲመሽ ቆርቆሮ የምታንኳኳ ሴትዮ አለች እየተባለ ሰፈርተኛው ሁሉ በጊዜ በሩን ሲዘጋ እኔ ወጥቼ አይቻለሁ፣ ድመት ነበረች። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሰው ናት የምታወራችሁ፣ የምነግራችሁን ነገር ለማስፈራራት አላመጣሁትም፣ የሆነውን እንደሆነው ነው የማስቀምጥላችሁ፣ ትርጉሙን ራሳችሁ ፈልጉለት፣ እኔ ፈልጌ ፈልጌ ትቼዋለሁ።

የተመደብኩት ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ የሩዝ ማሳ በአራቱም በኩል የከበበው አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ግቢው ከማሳው ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ በበጋ ይህ ከፍታ አይታወቅም፣ ክረምት ላይ ግን ውሃው ሜዳውን ሲሸፍነው ትምህርት ቤቱ ብቻውን ቁጢጥ ብሎ ይቀራል፣ ከብቱም ሰውም ወደዚያው ይሰበሰባል። የምናስተምረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ዘጠነኛን ለመማር ልጁ ወረታ ቤት መከራየት አለበት፣ ታዲያ ለሁሉም ልጅ መክፈል ያልቻለ ወላጅ ወንዱን ይልክና ሴቷን ያስቀራል፣ እኔ ራሴ በሂሳብ ከክፍሉ አንደኛ የነበረችን ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ሩዝ ስታርም አግኝቻት «መምህርት፣ አልጀብራው ጠፋብኝ» ብላ ስትስቅ እኔ መሳቅ አቅቶኝ ያውቃል።

ርዕሰ መምህራችንን አቶ ምትኩን ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። ዘጠነኛ ክፍል እዚሁ እንዲከፈትልን ትልቅ የዕቅድ ሰነድ አዘጋጁ፣ የተማሪው ብዛት፣ የመምህሩ ብዛት፣ የመማሪያ ክፍሎቹ ሁኔታ፣ ምኑ ቅጡ። አስገቡት፣ ተመለሰ። ለምን ተመለሰ ብትሉ፣ ማውጫው ላይ ያለው ገጽና እውነተኛው ገጽ አይገናኝም፣ አስተካክላችሁ አምጡ ተባለ። አቶ ምትኩ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣

«ሰናይት፣ አንቺ የቁጥር ሰው ነሽ» አሉኝ፣ «ልጆቹ በነጥብ ነጥብ እንዳይቀሩብን።»

በነጥብ ነጥብ ያሉት ማውጫውን በእጅ ስለነበር የምንጽፈው ነው። ርዕሱን እንጽፋለን፣ ነጥብ እየደረደርን እስከ መስመሩ ዳር እንሄዳለን፣ እዚያ የገጹን ቁጥር እንጥላለን፣ ከዚያ አቶ ምትኩ ሌላ ቦታ አንድ አንቀጽ ሲጨምሩ ገጹ ሁሉ ወደ ታች ይንሸራተትና ማውጫው ውሸታም ይሆናል። እኔም እልህ ይዞኝ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ዘዴውን ተማርኩት። ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ቀላል ነው፣ እያንዳንዱን ትልቅ ርዕስ መርጣችሁ ከላይ ካለው የስታይል ዝርዝር ውስጥ «ሄዲንግ ዋን» የሚለውን ትሰጡታላችሁ፣ ከሥሩ ላለው ትንሽ ርዕስ «ሄዲንግ ቱ»ን ትሰጡታላችሁ፣ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ይህ ርዕስ ነው ብሎ ያውቀዋል፣ ከዚያ «ሪፈረንስ» ከሚለው ገብታችሁ ማውጫ አምጣልኝ ስትሉት ርዕሶቹን ለቃቅሞ ከነገጻቸው ይደረድርላችኋል። አንቀጽ ከተጨመረ «አፕዴት» ማለት ብቻ ነው፣ ቁጥሩን ራሱ ያስተካክላል። ነጥቡን እንኳን ራሱ ነው የሚደረድረው፣ እመኑኝ፣ መጀመሪያ ሳየው አጨብጭቤያለሁ።

ቀኑ ነሐሴ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ ግቢው ውስጥ እኔና አቶ ምትኩ፣ በሩ ላይ ደግሞ ጥበቃው አባ ተገኘ ብቻ ነን። አባ ተገኘ የዚያው አካባቢ ሰው ናቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቦቲያቸውን ተጫምተው ከበሩ አጠገብ ካለችው ክፍላቸው አይለዩም፣ የግቢው በር ቁልፍ እሳቸው ጋ፣ የመማሪያ ክፍሎቹ ቁልፍ ደግሞ አቶ ምትኩ ቀበቶ ላይ ነው። ሰነዱ በማግስቱ ጠዋት መግባት አለበት። ምሳ ሰዓት አካባቢ ለአቶ ምትኩ ስልክ ተደወለ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ የታችኛውን መንደር ውሃ ከቦታል፣ ሰዎቹ ሳይመሽ መውጣት አለባቸው።

«እኛ ጋ ነው የማመጣቸው» አሉኝ ኮታቸውን እየደረቡ። «የምሥራቁ ብሎክ ሰፊ ነው፣ ዴስኩን ወደ ዳር ገፋ እናደርግና ሁሉንም እዚያ እናሳድራቸዋለን። አንቺ ማውጫውን ጨርሺ፣ መብራት ሳይሄድብሽ።»

የምሥራቁ ብሎክ የተባለው ከቢሮው ማዶ፣ ግቢው አልቆ ወደ ማሳው ከሚወርድበት ጠርዝ ላይ ያለ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ ሰፊ ክፍል ነው። ሕዝቡ በድሮ ጊዜ በእንጨትና በጭቃ ሠርቶት በኋላ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ሰነዳችን ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል የሚከፈተው እሱ ውስጥ ነው ተብሎ የራሱ ርዕስ አለው፣ ስፋቱን በሜትር የለካሁት እኔ ነኝ፣ የለካሁትም በዚያው ሳምንት ነው፣ ይህን ያዙልኝ፣ ስለካ አቶ ምትኩ በሩን ከፍተውልኝ ዴስኮቹ መሃል ለመሃል እየሄድኩ ነው የለካሁት፣ እንደ ሁልጊዜው ተደርድረው ነበር።

እሳቸው ሄዱ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ርዕሶቹን አንድ በአንድ እየመረጥኩ ስታይላቸውን ሰጠሁ፣ ማውጫ አምጣ አልኩት፣ ደረደረው። ደስ አለኝ። ከዚያ ዓይኔን ከላይ እስከ ታች ሳወርደው አንድ ቦታ ላይ ቁጥር የለም። «የምሥራቁ ብሎክ ይዞታ» ይላል፣ ነጥቡ እስከ ዳር ሄዷል፣ ገጹ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ግን «ኤረር» ብሎ በደማቁ ጽፏል፣ ዕልባቱ አልተገኘም ዓይነት ነገር ነው። ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ኮምፒውተሩ ለየርዕሱ በስውር ምልክት ያደርጋል፣ ምልክቱ ሲጠፋበት እንዲህ ይላል፣ ቪዲዮው ላይም ተነግሮኛል። መፍትሔውም ቀላል ነው፣ ገጹን ብቻ ሳይሆን ማውጫውን በሙሉ አድስ ማለት ነው። አደስኩት። አሁን ደግሞ ርዕሱ ራሱ ጠፋ፣ ከላዩ ያለውና ከሥሩ ያለው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

ወደ ውስጥ ገብቼ ፈለግሁት፣ ርዕሱ ቦታው ላይ አለ፣ ስታይሉም «ሄዲንግ ዋን» ነው። አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት፣ አደስኩ፣ መጣ። እሰይ ብዬ ፋይሉን ካስቀመጥኩ በኋላ ለማረጋገጥ ደግሜ ሳድሰው ሄደ።

ድምፁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከማዶ፣ ከምሥራቁ ብሎክ፣ ዴስክ ሲጎተት። አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን ድምፅ አያጣውም፣ የብረት እግር ሲሚንቶ ላይ ሲንሸራተት ጥርስን ያሳክካል። አባ ተገኘ ለእንግዶቹ ቦታ እያመቻቹ ነው አልኩ፣ አቶ ምትኩ ቁልፉን ትተውላቸው ሄደዋል ማለት ነው፣ ደግ አደረጉ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ርዕሱን ከሌላ ርዕስ ላይ ቀድቼ ቃሉን ብቻ ለወጥኩት፣ አልሆነም። አንዱን ፊደል ቀየርኩት፣ ምሥራቁን በእሳቱ ሰ ጻፍኩት፣ አልሆነም፣ ሳቄ መጣ፣ ኮምፒውተር ስለ ንጉሡ ሠ ምን አገባው። ከማዶ አሁንም ይጎተታል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ይጎተታል፣ ከዚያ ደግሞ የሆነ ነገር በሌላ ነገር ላይ ሲጫን ጓ ይላል። መሃል መሃል ላይ የሰው ድምፅ ያለ ይመስለኛል፣ ዝናቡ ይውጠዋል፣ አባ ተገኘ ዳዊታቸውን እየደገሙ ነው የሚሠሩት አልኩ። እኔ ደግሞ መጨረሻ ላይ እንደ ድሮው በእጄ ልጻፈው ብዬ ማውጫው መሃል ገብቼ ርዕሱን ጻፍኩ፣ ነጥብ ደረደርኩ፣ የገጹን ቁጥር ጣልኩ፣ ተገላገልኩ ብዬ ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ። እጄን ምኑም ላይ አላሳረፍኩም፣ ይህን እምላለሁ፣ መስመሩ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ማዶም ያለው ድምፅ ጸጥ አለ።

ፈራሽ ወይ ብትሉኝ ያን ጊዜ አልፈራሁም፣ ተናደድኩ እንጂ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፣ ቫይረስ አለበት፣ የመብራቱ መቆራረጥ ራሱን አዙሮታል፣ እያልኩ ለራሴ ምክንያት ስደረድር ቆየሁ። አቶ ምትኩ ጋ ደወልኩ፣ አይነሳም። ሌላው ርዕስ ሁሉ ከነገጹ ልክ ነው፣ ሰነዱን አተምኩትና የምሥራቁን ብሎክ ጠዋት በእስክሪብቶ እጨምረዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ወደ አመሻሹ ላይ ሰዎቹ መጡ። ትራክተር ተጎታች ላይ ተጭነው፣ ፍራሹ፣ ጀሪካኑ፣ ዶሮው፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም አንድ ላይ በስብሷል። ከፊት የወረደችው ብርነሽ የምትባል አራስ ነበረች፣ ክርስትና እንኳ ያልተነሳ ልጇን በፕላስቲክ ሸፍና ደረቷ ላይ ይዛዋለች፣ ገና ከመውረዷ፣

«ጋሼ፣ እኔን ከወደ ኋላው ግድግዳ ጥግ ያርጉኝ፣ ነፋስ እንዳያገኘው» አለች።

«ጥጉን ላንቺ ነው የያዝኩት» አሉ አቶ ምትኩ፣ ከቀበቷቸው ቁልፉን እየፈቱ። ዓይኔ ቁልፉ ላይ ቀረ። ለካ ትተውት አልሄዱም።

ጓጉንቸሩን ከፈቱት፣ በሩን ገፉት፣ አልሄደም። በትከሻቸው ገፉት፣ አልሄደም። ሁለት ጎልማሶች ጨመሩበት፣ በሩ ጣት የምታስገባ ያህል ገባ ብሎ ቆመ፣ ከውስጥ የሆነ ነገር ይዞታል። አቶ ምትኩ በመስኮቱ በኩል ዞረው በስልካቸው መብራት ሲያዩ እኔም ከኋላቸው ነበርኩ። ዴስኮቹ ሁሉ ከበሩ ጀርባ ተቆልለዋል። እንዲሁ የተገፉ አይደሉም፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጭኖ፣ እግር በእግር ውስጥ ገብቶ ተቆላልፎ፣ እስከ በሩ ጉበን ድረስ። ከዚያ ወዲህ ያለው ክፍል ባዶ ነው፣ ወለሉ ላይ የተጎተቱበት ጭረት ነጭ ነጭ ብሎ ይታያል። ያ ክፍል አንድ በር ብቻ ነው ያለው፣ መስኮቶቹ ደግሞ የብረት ፍርግርግ አላቸው፣ ቆልሎ የጨረሰ ሰው በየት በኩል ይወጣል?

«ማነው ይህን የሠራ?» ብለው ጮኹ አቶ ምትኩ። «አባ ተገኘ! ማን ገብቶ ነበር?»

አባ ተገኘ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ መሬቱን አዩ።

«እኔ ያየሁት ሰው የለም» አሉ።

«ድምፅስ?» አልኳቸው እኔ፣ «ዴስክ ሲጎተት አልሰሙም? እኔኮ እርስዎ መስለውኝ ነው።»

እንደገና አዩኝ፣ ረዘም አድርገው። «ዝናብ ነው ልጄ» አሉኝ፣ «በዝናብ ስንቱ ይሰማል።»

ጎልማሶቹ ሲገፉ፣ በፍርግርጉ እንጨት አስገብተው ሲነቀንቁ ጊዜው መሸ፣ ዝናቡ ባሰ፣ ሕፃኑ ያለቅሳል። አቶ ምትኩ ተስፋ ቆርጠው ሰዎቹን ቤተ መጻሕፍቱና ቢሮው ውስጥ አስገቧቸው። ጠባብ ነው፣ ሰው በሰው ላይ ሆነ፣ ብርነሽ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ተቀምጣ «ያን የመሰለ ሰፊ ቤት በዴስክ ዘግታችሁ!» እያለች ተቆጣች፣ እኔን ነበር የምታየው፣ የከተማ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል። ይቅርታ አልኳት።

ገና ምሽት ነው፣ ሰው አልተኛም፣ አቶ ምትኩ ከወረታ ያስመጡትን ዳቦ እየቆራረስን እያደልን ነበር፣ መጀመሪያ ዶሮዎቹ ጸጥ አሉ፣ ያንን አስታውሳለሁ፣ ቀጥሎ ከማዶ እንደ ረጅም ትንፋሽ ያለ ነገር ተሰማ፣ ከዚያ መሬቱ ከእግራችን ሥር ደንገጥ አለ። ስንወጣ የምሥራቁ ብሎክ የኋላ ግድግዳ የለም። ውሃው መሠረቱን ከሥር በልቶት ኖሯል፣ ግድግዳው ከነሙሉ ቁመቱ ወደ ውስጥ ወድቋል፣ የጣሪያው ማገር ከነቆርቆሮው ጥጉ ላይ ተከምሯል። ሰው ሁሉ በዝናቡ ውስጥ ቆሞ ያያል። ብርነሽ ልጇን ከፕላስቲኩ ፈትታ፣ ከዝናቡ በራሷ ጀርባ ከልላ፣ እግሩን ይዛ ጣቱን በጣቷ ትዳስስ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝና አንገቷን ደፋች፣ በኋላም ልትተኛ ስትል ከጎኗ ቦታ አስለቅቃ «ነይ እዚህ እረፊ» አለችኝ።

የሞተ ሰው የለም፣ የተጎዳ የለም። ከበሩ ጋ የተቆለሉት ዴስኮችም አንዳቸው አልተሰበሩም፣ ፍርስራሹ እነሱ ድረስ አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ልንገራችሁ። አቶ ምትኩ ተማሪዎች ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት የሠሩት ተንኮል ነው አሉ፣ እኔ በዚያው ሳምንት ገብቼ ለክቻለሁ፣ አብረው ነበሩ ስላቸው ግንባራቸውን አሹና ሌላ ወሬ አመጡ። የሰፈሩ ሰው የደብራችን ታቦት ነው የጠበቀን፣ መልአክ ነው አለ፣ በማግስቱ ሻማ ያበሩም ነበሩ። ኮምፒውተሩን ወረታ ለሚጠግን ሰው ሳሳየው ፋይሉ ተበላሽቷል አለኝ፣ ፋይል ይበላሻል፣ እኔም አምኜዋለሁ። ከሁሉ የገረመኝ ሰነዱ ነው፣ ጠዋት ላይ አቶ ምትኩ ያተምኩትን አነበቡና የምሥራቁን ብሎክ ምዕራፍ በሙሉ አውጥተው ጣሉት፣ ማውጫው ላይ ግን የሚሰረዝ ነገር አልነበረም። ገምጋሚዎች መጥተው ፍርስራሹን አዩ፣ ልጆች ቢኖሩበትስ ብለው ደነገጡ፣ ውሎ አድሮ በብሎኬት የተሠራ አዲስ ክፍል ተሰጠን፣ ዘጠነኛ ክፍልም ተከፈተ፣ ያችም ሩዝ የምታርመው ልጅ ተመልሳ ገብታለች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ደግ ነገር ነበር፣ እኔም አልጽፈውም ነበር።

ወደ ወረታ ከተማ ተዛወርኩ። ዕቃዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ አባ ተገኘን ልሰናበት ወደ በሩ ሄድኩ፣ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ፣ እጄንም አልለቀቁም።

«ልጄ፣ እንግዲህ ልትሄጅ ነው፣ አንድ ነገር ሳልልሽ አትሄጅም» አሉኝ። «ስለዚያ ቀን እግዜር ይስጥሽ። እኔ ለማንም አልተናገርሁ፣ ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁ።»

«ስለ የቱ ቀን ነው አባ?»

«ተይ እንጅ፣ ከኔ ምን ትደብቂያለሽ። ጋሼ ምትኩ እንዳይቆጣሽ ብየ ነው ዝም ያልሁ። ደግሞ አልዋሸሁም፣ ያየሁት የለም ነው ያልሁ፣ አላየሁሽማ። ዴስኩ ሲጎተት ጊዜ ከቤቴ ወጥቸ እስከ ብሎኩ መጣሁ፣ በሩን መታ መታ አርጌ ማነው ስል፣ እኔ ነኝ አባ ተገኘ፣ ይመለሱ፣ ዝናብ ይመታዎታል አላልሽኝም?»

እኔ ከቢሮው አልወጣሁም፣ ለሽንት እንኳ አልወጣሁም። የባጃጁ ልጅ ይጣራል፣ እሳቸው ደግሞ እጄን ይዘው በደስታ ያዩኛል።

«ድምፄ ነበር?» አልኩ።

«ታዲያ የማን ይሆናል? ያንች ድምፅ ይጠፋኛል? እንዴት ወጣሽ ብየ አልጠየቅሁሽም፣ አሁንም አልጠይቅሽም። ምን አሳይቶሽ እንደሆነም ያንችና የፈጣሪ ነው። ይልቅ አንድ የከነከነኝ ነገር...» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ «ያች አብራሽ የነበረችዋስ? ወዲህ ሳቢ፣ ጫፉን ያዥልኝ፣ ትያት የነበረችው? እሷም ትመልስልሽ ነበር እኮ፣ ቀስ በይ፣ ቀስ በይ ትልሽ ነበር፣ ድምፃችሁ ቁርጥ አንድ ነው፣ የቱ ያንች እንደሆነ መለየት አልቻልሁም። ልጠይቅሽ እያልሁ ስፈራ ኖርሁ። እህትሽ ናት?»

የእናቴ አንድ ልጅ ነኝ። ነገሩን ለማስረዳት አፌን ከፍቼ ነበር፣ የወጣኝ ግን «አዎ» የሚል ነው፣ ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አወቅሁ! አላልሁም?» ብለው እጄን ነቀነቁት፣ ደስ አላቸው። «እንግዲያስ ስታገኚያት አባ ተገኘ ሰላም ብሎሻል በያት። እሷንም ሳላመሰግናት ቀረሁ።»

«እሺ አባ፣ እነግራታለሁ» ብዬ ባጃጁ ላይ ወጣሁ።

አሁን ወረታ ነው የማስተምረው። ሰነድ ሲዘጋጅ ማውጫውን እኔው ነኝ የምሠራው፣ ሁሉም እየመጣ እኔን ነው የሚለምነው፣ ርዕሶቹም እስካሁን ሁሉም ከነገጻቸው ይመጣሉ፣ የጎደለ የለም። ብቻ ዝናብ ሲሆን ቢሮው ውስጥ ለብቻዬ መሥራቱን ትቻለሁ፣ ሰው ከሌለ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እወጣለሁ፣ ምክንያቱም የአባ ተገኘን ሰላምታ አደርሳለሁ ብዬ ተቀብያለሁ፣ አላደረስኩም፣ ለማን እንደማደርሰውም አላውቅም፣ አንድ ቀን ሰላምታውን ልትቀበለኝ ራሷ እንዳትመጣ እፈራለሁ።